የሁዳዴ መደርደሪያ

ከምትኩ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ምስር መልቀም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰፌዱን መሐላችን አድርገን መስኮቱ ሥር ተቀምጠን ነበር። እሱ ጠጠሩን እያወጣ በድስት ክዳን ላይ ያስቀምጣል፤ እኔ ተከትዬ እሱ ያለፈውን እለቅማለሁ።

«አንቺ ማይክሮስኮፕ ካልሰጡሽ አይታይሽም» አለኝ፣ እኔን ያመለጠኝን አንድ ጠጠር ከፍ አድርጎ እያሳየኝ።

«አንተ ደግሞ ከመንገድ ማዶ ካልሆነ አይታይህም» አልኩት።

ባለቤቴ ምትኩ ቀያሽ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሦስት እግር በቆመ መሣሪያ ሩቅ ሲያይ ኖረ። እኔ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ፤ አጎንብሼ ትንሹን ሳይ ኖርኩ። በዚህ ነገር ስንቀላለድ ነው ያረጀነው። ምስሩ አለቀ፣ አጥቤ ጣድኩት፣ እሱ ሬዲዮኑን ከፈተ።

በማግስቱ ጠዋት በረደኝ አለ። ጋቢ ደረብኩለት፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሰውነቱ ጋለ። ምትኩ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ኩላሊቱን የሚያጠቃበት በሽታ ነበረበት፤ ያንን ለማብረድ ከዓመት በላይ ፕሬድኒሶሎን ሲወስድ ቆይቷል። መድኃኒቱ ኩላሊቱን ሲጠብቅለት በሽታ የመከላከል አቅሙን ያዳክምበታል። ስለዚህ ትኩሳት በእኛ ቤት ቀላል ነገር አልነበረም። ሁለታችንም ጫማ ማድረግ ጀመርን።

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ልጆቼ ስለ ሥራሽ ጻፊ ይሉኝ ነበር። አሁን ቀስ እያልኩ እየጻፍኩ ነው። ስለ ሥራዬ ስጀምር ስለ እሱ ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም፤ ሥራዬና እሱ መጨረሻ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተዋልና።

ሥራ የጀመርኩት ላንቻ አካባቢ በነበረ ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። ሰገራ፣ ሽንት፣ የወባ ደም። አንድ ማይክሮስኮፕ ለሦስት ሰው። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከታክሲ የሚተርፍ አልነበረም፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። ከዚያ ካዛንቺስ አጠገብ ወዳለ ሆስፒታል ተዛወርኩና ባክቴሪያ ክፍል ተመደብኩ። ክፍሉን ማንም አይፈልገውም ነበር። አንደኛ ይሸታል። ሁለተኛ መልሱ ቶሎ አይደርስም። የስኳር ምርመራ በሽተኛው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ይደርሳል፤ ባክቴሪያ ግን እስኪበቅል ይጠበቃል፣ ሐኪምም ታካሚም መጠበቅ አይወድም።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ዘውዱ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ የነጭ ካፖርቱ እጅጌ ሁልጊዜ የሚያጥረው ሰው ነበር። መጀመሪያ የገባሁ ቀን «ነይ፣ ከአለቃሽ ጋር ላስተዋውቅሽ» ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደኝና አንድ በግ አሳየኝ። ባክቴሪያ የምናበቅልበት ምግብ ውስጥ የበግ ደም ይገባል። ከአንገቱ ሥር በንጹሕ መርፌ ትንሽ ይቀዳና ሣሩን እንዲግጥ ይለቀቃል። ፋሲካ ሲደርስ የጥበቃ ሠራተኞቹ «ጋሽ ዘውዱ፣ ይሄ በግ ዘንድሮም ሊያመልጠን ነው?» ይሉታል። «የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ጡረታው ሳይደርስ አይነካም» ይላቸዋል።

ደም የገባበት ምግብ ክዳን ባላት ክብ ትንሽ ሰሐን ላይ ይፈሳል። ፕሌት እንላታለን። የበሽተኛው አክታ ወይም መግል እላይዋ ላይ ይሰመርና ሙቀቱ እንደ ሰው ሰውነት በሆነ ሣጥን ውስጥ ታድራለች። ጠዋት ማንበብ ነው። ጋሽ ዘውዱ ፕሌት ሲያነብ ወደ መስኮት ይሄዳል፤ መጀመሪያ ብርሃኑን ከኋላዋ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ከጎን፣ ቀጥሎ አዘንብሎ ያያታል። ክዳኑን አይነካም። እኔ ስቸኩል «ሳትከፍቺ የምታይውን ጨርሺ» ይለኛል። ማሽተት ክልክል ነበር። አንዳንዱ ጀርም ግን አሽትቱኝ ሳይል ሽታው ራሱ ይመጣል።

ሁለት ልማድ ነበረው። አንደኛው ስልክ ነው። ፕሌቷ ላይ ምንም ባይበቅል ወይም እንግዳ ነገር ቢበቅል በሽተኛው ወደተኛበት ዋርድ ይደውልና ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ መድኃኒቱ ይጠይቃል። «ሰውየው ምን ይወስዳል?» የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ፣ ኩላሊት የተተከለለት፣ ኤች አይ ቪ አቅሙን ያወረደበት፣ እንደ ምትኩ ፕሬድኒሶሎን ላይ ያለ ከሆነ ሌላ ሕግ አለው። ጤነኛን ሰው የማይነካ፣ አፈር ውስጥና አቧራ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ እንዲህ ያለውን ሰው ይገድለዋል። ያ ዓይነቱ ባክቴሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀርፋፋ ነው።

ሁለተኛው ልማድ ከዚህ የመጣ ነው። የተለመዱት ጀርሞች በሁለት ቀን ይበቅላሉ፤ ምንም ካልበቀለ «የለም» ተብሎ ይጻፍና ፕሌቱ በእንፋሎት ተቀቅሎ ይጣላል። ጋሽ ዘውዱ የእነዚህን የደከሙ ሰዎች ፕሌት አይጥልም። በማሞቂያው ሣጥን ታችኛ መደርደሪያ ላይ፣ እንዳይደርቁ ጠርዛቸውን በፕላስተር አሽጎ ለሳምንታት ያቆያቸዋል። በፕላስተር ላይ «ሁዳዴ» ብሎ ጽፎ መደርደሪያው ላይ ለጥፎ ነበር፤ ረጅሙን ፆም የሚፆሙ ናቸው ለማለት። ከጊዜ በኋላ ዋርድ ያሉ ነርሶች ሳይቀሩ «የኛዋ ታካሚ ሁዳዴ ገብታለች?» ብለው ይደውሉ ጀመር።

የመድኃኒት መላመድን የተማርኩት በዓይኔ ነው። ባክቴሪያው ፕሌቱ ላይ በሙሉ ይቀባል፤ እላዩ ላይ መድኃኒት የነከሩ ትናንሽ የወረቀት ዲስኮች ይደረደራሉ። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በዲስኩ ዙሪያ ባዶ ክብ ይከፈታል፤ በማስመሪያ እንለካዋለን። እኔ ስጀምር ክቦቹ ሰፋፊ ነበሩ፣ አንዳንዴም እርስ በርስ ይነካካሉ። ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ጠበቡ። ጡረታዬ ሲቃረብ ባክቴሪያው እስከ ዲስኩ ጠርዝ ድረስ በቅሎ የሚታይባቸው ቀናት በዙ። ሰው ጉንፋን በያዘው ቁጥር ከፋርማሲ ሁለት ሦስት ፍሬ ይገዛል፣ ሲሻለው ያቆማል። እኛም በቤታችን አድርገነዋል። ሆስፒታሉም መልስ ከመጠበቅ ጠንካራውን መድኃኒት ቀድሞ ይጀምራል። ጥፋቱን ለአንድ ሰው ሰጥቼ ማረፍ አልችልም።

ጋሽ ዘውዱ ጡረታ ወጥቶ አቶ ይልማ የሚባል ኃላፊ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ሆስፒታሉ የጥራት ምስክር ወረቀት ለማግኘት ይዘጋጅ ነበርና እያንዳንዱ ሥራ በመመሪያ መጻፍ ነበረበት። ሁዳዴ በመመሪያ ውስጥ የለም። በዚያው ክረምት በጓ ሞተች፤ የመጀመሪያው በግ ሦስተኛ ምትክ ነበረች። የፕሌት እጥረት መጣ፣ የማሞቂያው ሣጥን ጠበበ፣ ቆይተው የሚሻግቱ ፕሌቶች አዲሶቹን በከሉ። አቶ ይልማ ሰብስቦን «ሁለት ቀን ነው የሚለው፣ ሁለት ቀን ይሁን» አለ። ተወያየን፤ እኔ ተቃወምኩ፤ እጥረቱን ሳየው ግን የምለው አነሰኝ። መደርደሪያው ተነሣ።

ትዕግሥት የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። በሽታዋ ከምትኩ የሚቀራረብ ነው፣ መድኃኒቷም ያው ፕሬድኒሶሎን። ሳል ያዛት። አክታዋ መጣ። ሁለት ቀን ጠበቅን፣ በማንም ሰው ጉሮሮ ከሚኖረው የተለመደ ጀርም በቀር ምንም አልበቀለም። «የለም» ተባለ፣ ፕሌቱ ተጣለ። እንዲህ የሚያስልን ሰው በእኛ አገር መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ሳንባ ነቀርሳ ነውና የሱን መድኃኒት ጀመሩላት።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ ተኛች። የዚያን ጊዜ ከአንጎሏ የተቀዳ መግል መጣልን። በአራተኛው ቀን ፕሌቱ ላይ ደረቅ፣ ነጭ፣ የጠመኔ ብናኝ የመሰለ ነገር ታየ። ኖካርዲያ ነበር። አፈር ውስጥ የሚኖር ነው፤ ከሳንባ ተነስቶ ወደ አንጎል መውጣት ይወዳል። አክታዋ ውስጥ ኖሮ እንደሆነ አሁን ማንም ማረጋገጥ አይችልም። ሁላችንም ግን የመሰለን እዚያው እንደነበረ ነው።

ጋሽ ዘውዱ አንዳንዴ በሽተኛውን ሄዶ ያይ ስለነበር እኔም ዋርድ ሄድኩ። ትዕግሥት ተደግፋ ተቀምጣ ነበር።

«አንቺ ደግሞ ልትቀጂኝ ነው የመጣሽው?» አለችኝ። «ደሜን ጨርሳችሁታል እኮ። ለበጉ ተዉለት።» የበጉ ወሬ ዋርድ ድረስ ደርሶ ነበር፤ የበጓ ሞት ግን ገና አልተሰማም።

«ዛሬ ልጠይቅሽ ብቻ ነው» አልኳት።

ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ። «እይው እስቲ። መርፌ ያነሣሁ ይመስለኛል። ጣቴን ሳይ ግን መርፌው መሬት ላይ ነው።» ሳቀች፣ ከዚያ «ሰኞ የማስረክበው ዩኒፎርም አለ» አለች።

መድኃኒቱ ተቀየረላት፤ ግን ዘገየ። ለሰኞ አልደረሰችም። ፕሌቱን ያኔ የጣለችው ሰዓዳ የምትባል አዲስ ልጅ ነበረች፤ የላንቻ ልጅ፣ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው እዚያ የሚነግዱ። መመሪያው ያዘዛትን ነው የሠራችው። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ ስታለቅስ አቶ ይልማ ገባ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና የማሞቂያውን ሣጥን ታችኛ መደርደሪያ ለሚቆዩት ፕሌቶች በገዛ እጁ ባዶ አደረገው። በማግስቱ መመሪያው ላይ አንድ ገጽ ተጨመረ፤ ርእሱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሰው ግን ሁዳዴ ማለቱን አልተወም።

እኔ ጡረታ ስወጣ ሰዓዳ የክፍሉ ኃላፊ ሆነች። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ለልማት ተነሣና ወደ ቂርቆስ መጣን። ምትኩ ወጣት ሳለ የካዛንቺስን መንገዶች ለክቶ ነበር፤ «የለካሁትን እኔው አስረክቤው ሄድኩ» ይል ነበር። ከዚያ ኩላሊቱ፣ ከዚያ ፕሬድኒሶሎኑ፣ ከዚያ ያ እሑድ።

የተኛው እኔ በሠራሁበት ሆስፒታል ነው። ለሳንባ ምች የሚሰጠው መድኃኒት አልያዘለትም። በራጁ ላይ ድቡልቡል ነገሮች ታዩ። ሐኪሙ ዶክተር ራሔል ነበረች፤ ሲበዛ ወጣት፣ ፈጣን፣ እየሄደች የምታወራ። ከሳንባው የታጠበ ፈሳሽ ወስዳ ወደ ላቦራቶሪ ስትልክ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኳት። ፕሬድኒሶሎን እንደሚወስድ ንገሪያቸው፣ ፕሌቱን እንዳይጥሉት ልላት ነበር።

«እትዬ ዘነበች፣ ደውያለሁ» አለችኝ አፌን ሳልከፍት። «ገና ስልኩን ሳነሳ ነው ምን ይወስዳል ብለው የጠየቁኝ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የምሠራው ሥራ አልነበረኝም።

ሁለት ቀን አለፈ፣ ምንም የለም። ምትኩ ከኦክስጅኑ ሥር «ምን አሉ?» አለኝ።

«ገና ነው።»

«ሁዳዴ አስገቡኝ?»

«አስገቡህ።»

«እኔ ደግሞ ፆም አልችልበትም» አለ።

ሰዓዳ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ራሷ መጣች። «እትዬ ዘኒ፣ ነይ እይው። ማለቴ... እኔ አይቼዋለሁ፣ ግን አንቺም እይው።»

«ጡረተኛ ነኝ እኮ።»

«በቃ ካፖርት ልበሺ። ማን ይጠይቅሻል?»

ፕሌቱን ወደ መስኮት ወሰድኩት። ከኋላ፣ ከጎን፣ አዘንብዬ። ደረቅ ነጭ ብናኝ። ሰዓዳ ክዳኑን ከፍታ በቀጭኗ ሽቦ ስትነካው አልተቀባም፤ ከነሥሩ ተነሣ። የመጀመሪያ ዝናብ የነካው አፈር ሸተተ። ልደብቀው አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። ባለቤቴን የሚገድለውን ነገር እያየሁ፣ በደንብ የበቀለ፣ ያልተበከለ፣ ጥርት ያለ ፕሌት በማየቴ ደስ አለኝ። ሰዓዳም ፈገግ ብላ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው።

ስሙ ታወቀ። የቀረው መድኃኒቱ ነው። ለኖካርዲያ መጀመሪያ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል ዙሪያ ምንም ክብ አልነበረም፤ ባክቴሪያው እስከ ዲስኩ ጠርዝ በቅሏል። ናሙናው ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ተልኮም ያው መልስ መጣ። ጥሩ ክብ የከፈቱት ሁለት መርፌዎች ናቸው። አብረው መሰጠት አለባቸው፤ አንደኛው ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል።

ዶክተር ራሔል ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። «ጋሽ ምትኩ፣ ካልሰጠንዎት ሳንባዎ ላይ አይቆምም፣ ወደ አንጎል ይወጣል። ከሰጠንዎት ኩላሊትዎ ሊያቆም ይችላል። መጠኑን እያየን፣ ደምዎን በየቀኑ እየለካን ነው የምንሰጠው። ግን ዋስትና አልሰጥዎትም።»

«መንገድ ስናወጣ አንድ አጥር መነካቱ አይቀርም ነበር» አለ ምትኩ። «የኔ አጥር ኩላሊቴ ነው ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ክቡን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ሰፊ ነው?»

«ሰፊ ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር።

«ይውጉኝ» አላት።

ትኩሳቱ ወረደ። ኦክስጅኑ ተቀነሰለት። ጋዜጣ አምጪልኝ አለኝ፣ የሆስፒታሉን ሾርባ ተሳደበ፣ አጠገቡ የተኛውን ሰው ስለ ኦሎምፒያ መንገድ አሠራር አስተማረ። ዳግመኛ ከሳንባው በተወሰደው ፈሳሽ ፕሌት ላይ ምንም አልበቀለም፤ ያንንም ሁዳዴ ላይ አቆይተውት ነበር፣ እስከ መጨረሻው ንጹሕ ሆነ። ሽንቱ ግን ቀነሰ። መርፌውን ቀነሱት፣ ቀጥሎ አቆሙት። የኩላሊት እጥበት ጀመሩለት። ሦስተኛው እጥበት ላይ ልቡ ቆመ። ረፋድ ነበር፤ እኔ ካልሲ ልገዛለት ወጥቼ ነበር።

ሥራ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ የማምነው አንድ ነገር ነበር፤ ስሙን ካወቅነው፣ ክቡም ከሰፋ፣ ሰውየው ይተርፋል። ትዕግሥት የሞተችው ስሙን በጊዜ ስላላወቅን ነው ብዬ አስብ ነበር። የምትኩን በጊዜ አወቅን። ማንም አላጠፋም። ይህን ለመቀበል ከሌላው ሁሉ በላይ ተቸግሬያለሁ። ጥፋተኛ ቢኖር የምይዘው ነገር ይኖረኝ ነበር።

ለቅሶ ላይ ሰው «ምን ነካው?» ሲለኝ «ኩላሊት» እላለሁ። አቶ ይልማ መጣ፤ እሱም ጡረታ ወጥቷል። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በስንተኛው ቀን በቀለ?» አለኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከሰማኋቸው የማጽናኛ ቃላት ሁሉ የረዳኝ ይኼ ነው፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ይከብደኛል።

ከአርባው በኋላ ሰዓዳ ቤት መጣች። ሻይዋን ሳትነካ ታማስላለች።

«ምንድን ነው፣ ተናገሪ እንጂ» አልኳት።

«የጋሼ ምትኩ ባክቴሪያ... አለ እኮ። አልጣልኩትም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ኮትሪሞክሳዞልን የተላመደ ኖካርዲያ ሌላ የለንም። ተማሪዎቹ በሥዕል ነው የሚያውቁት። አዲስ ዲስክ ሲመጣም የምንፈትንበት እሱ ነው። ግን በቃ፣ አንቺ ካልሽኝ ነገ እቀቅለዋለሁ። ሳልጠይቅሽ ማቆየት ከበደኝ።»

«ስሙ አለበት?»

«የለም። ቁጥር ብቻ ነው።»

«ፍሪዘር ውስጥ ነው?»

«መብራት እየሄደ ማን ፍሪዘር ያምናል? በእጅ ወደ አዲስ ምግብ መሻገር አለበት። እኛ ደግሞ ጊዜ የለንም፣ አንድ ጊዜ ከዘለልነው ይሞታል።»

ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። ልጆቼን አማከርኩ፤ ትልቋ «እማዬ፣ አስጥይው፣ እንዴት ይዘሽ ታድሪያለሽ?» አለች። ሳስበው ከረምኩ። ሰዓዳም ሳትወተውተኝ ጠበቀች፤ እስከዚያ ድረስ ራሷ አንዴ አሻግራው ነበር። በመጨረሻ ደወልኩላትና ሥራውን እኔ እሠራለሁ አልኳት።

በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ ከቂርቆስ በእግሬ ወደ ሆስፒታሉ እወጣለሁ። ካፖርት እለብሳለሁ፣ ጓንት አደርጋለሁ፣ ከአሮጌው ፕሌት ወደ አዲሱ አሻግረዋለሁ። ተማሪዎች ካሉ አሳያቸዋለሁ፤ የማን እንደነበረ አልነግራቸውም። ባለፈው ማክሰኞም አሻግሬዋለሁ። በቅሏል።